ቀጥታው መስመር ሲሰበር፦ የዳዮድና የሬዚስተር እንቆቅልሽ



ዳዮድና ሬዚስተር ብቻ ያሉበት ዑደት ለምን እንቆቅልሽ እንደሚሆንብን በታሪክ በኩል ላሳያችሁ እወዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጆርጅ ኦም በ1827 ባሳተመው መጽሐፍ ኮረንት ከቮልቴጅ ጋር በእኩል ምጣኔ እንደሚያድግ አስረዳ። በ1845 ደግሞ ጉስታቭ ኪርሆፍ ገና ተማሪ ሳለ ሁለቱን የዑደት ሕጎች አወጣ። ከዚያ ወዲህ ለሬዚስተሮች ዑደት እኩልዮሾቹን ጽፎ መፍታት በቂ ሆነ።

ይህን ሥርዓት ያናጋው የፈርዲናንድ ብራውን ግኝት ነው። ብራውን በ1874 በአንዳንድ የብረት ሰልፋይድ ማዕድናት ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ኮረንት በአንድ አቅጣጫ በቀላሉ ሲያልፍ በተቃራኒው እንደሚታገድ አስተዋለ። የኦም ቀጥታ መስመር እዚህ ላይ ተሰበረ። ዊሊያም ሾክሊ በ1949 የዳዮዱን ጠመዝማዛ መስመር በቀመር ገለጸ፤ ቀመሩ ግን በእጅ ለመፍታት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ መሐንዲሶች ነገሩን አቀለሉት፤ የሲሊከን ዳዮድ ወይ 0.7 ቮልት ያህል ይዞ ያስተላልፋል፣ ወይ ጨርሶ ይከለክላል።

እንቆቅልሹ የሚጀምረው እዚህ ነው፤ የትኛው ዳዮድ እንደሚያስተላልፍ አስቀድመን አናውቅምና። አንድ ምሳሌ እንመልከት። ባለ5 ቮልት ምንጭ በ1000 ኦም ሬዚስተር በኩል ከአንድ መጋጠሚያ ጋር ይገናኝ። ከመጋጠሚያው አንዱ ዳዮድ ወደ 0 ቮልት፣ ሌላው ወደ 2 ቮልት ያስተላልፉ። ሁለቱም ያስተላልፋሉ ብንል፣ መጋጠሚያው በአንድ ጊዜ 0.7 እና 2.7 ቮልት ሊሆን ነው፤ አይቻልም። ሁለቱም ይከለክላሉ ብንል መጋጠሚያው 5 ቮልት ይሆናል፤ እንዲህ ከሆነ ደግሞ ሊከለክሉ አይችሉም። ሁለተኛው ብቻ ያስተላልፋል ብንል፣ 2.7 ቮልት የተጫነበት አንደኛው ዝም ሊል አይችልም። የሚቀረው አንደኛው ብቻ ማስተላለፉ ነው፤ መጋጠሚያው 0.7 ቮልት፣ ኮረንቱ 4.3 ሚሊአምፔር ይሆናል፤ ሁለተኛውም ወደኋላ 1.3 ቮልት ተጭኖበት ይከለክላል። ግምቱ ከውጤቱ ጋር ታረቀ።

የፈተና ወረቀት ሳርም ደጋግሜ የማየው ግድፈት ይህ የመጨረሻ እርምጃ መዘለሉ ነው። ስሌቱ ንጹሕ ነው፤ የተሰላው ግን በእውን የሌለ ዑደት ነው። በባህላዊው እንቆቅልሽ አገር የሚሰጠው መልስ ያጣ ሰው ነው፤ በዚህኛው ግን መልሱን ሳያረጋግጥ የተነሣ ነው። ኦምና ኪርሆፍ ማስላትን አስተማሩን፤ ዳዮድ ግን ግምታችንን በራሱ ውጤት እንድንመረምር አስገደደን። ከዚህ ታሪክ ይዛችሁ እንድትሄዱ የምሻው ይህንኑ ነው።