ድንጋይ የሆነው ጥርስ

ሰው የማያውቀውን ነገር በሚያውቀው ስም መጥራት ልማዱ ነው። የማልታ ደሴት ሰዎች ከአለት ውስጥ የሚያገኙትን ሦስት ማዕዘን ድንጋይ ቅዱስ ጳውሎስ ያደረቀው የእባብ ምላስ ነው ይሉ ነበር፤ ስለዚህም «የምላስ ድንጋይ» ተብሎ የመርዝ ማርከሻ ሆኖ ኖረ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1666 ዓ.ም. በኢጣልያ በሊቮርኖ አጠገብ ታላቅ ሻርክ ተያዘ። የቶስካናው መስፍን ዳግማዊ ፈርዲናንዶ የዓሣውን ራስ ለዴንማርካዊው ሐኪም ለኒኮላስ ስቴኖ ሰጠው። ስቴኖም ጥርሱን ከምላስ ድንጋዩ ጋር ቢያስተያይ መልካቸው አንድ ሆኖ አገኘው፤ በ1667 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍም ድንጋዩ የጥንት ሻርክ ጥርስ ለመሆኑ ምክንያቱን አቀረበ። በ1669 ዓ.ም. ደግሞ በተራራ ላይ የሚገኘው ዛጎል በባሕር ደለል የተቀበረ መሆኑን ገለጸ።

በአገራችንም በትግራይና በዓባይ ሸለቆ ባለው የኖራ ድንጋይ ውስጥ የባሕር ዛጎል እናገኛለን፤ ያ ምድር ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ባሕር ለብሶ ነበርና። እንግዲህ እረኛም ሆነ ተማሪ እንዲህ ያለውን ሲያገኝ ቦታውንና የአለቱን ንብርብር ጽፎ ለሚያውቅ ሰው ያሳይ። የጥርሱን ዓይነት መልኩ ይነግረናል፤ የወጣበት ስፍራ ከተረሳ ግን ዘመኑን ለማወቅ ሊቁም ይቸገራል።