አትሪላል፣ ፀሐይና ላሽ

ዕፅንና ብርሃንን አቀናጅቶ የረገፈ ፀጉርን ለመመለስ የሚደረገው ጥረት፣ ዛሬ የሌዘር ቆብ ነጋዴዎች እንደሚያስተዋውቁት የዘመኑ ግኝት ሳይሆን፣ ሥሩ በመካከለኛው ዘመን ሰሜን አፍሪካ የሚገኝ ነው፤ መነሻውም ፀጉር ሳይሆን የቆዳን ቀለም የሚያጠፋው ለምጽ ነበር። በማላጋ ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1248 በደማስቆ ያረፈው የዕፀዋት ሊቅ ኢብን አል-በይጣር እንደጻፈው፣ በርበሮች «አትሪላል» የሚሉትን ተክል ዘር የወሰደ በሽተኛ የነጣውን ገላውን ገልጦ እስኪያልበው ድረስ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት በጠራራ ፀሐይ ይቀመጥ ነበር፤ ነጩ ቆዳ ውሃ ይቋጥርና ቁስሉ ሲሽር የገላውን ቀለም ይዞ ይመለሳል።

ይህ ልማድ በግብፅ ባሕላዊ መድኃኒት ዘንድ ቆይቶ፣ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የካይሮው የቆዳ ሐኪም አብደል ሞነም ኤል ሞፍቲ መረመረው፤ ከዘሩ ተነጥሎ የወጣው ንጥረ ነገርም ሜቶክሳሌን ተባለ። ሜቶክሳሌን ብቻውን ብዙም የማይሠራ ሲሆን፣ ዓይን የማያየው ረጅሙ የአልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት ግን ከሕዋሳት ዘረ መል ጋር ተጣብቆ መባዛታቸውን ይገታል። እ.ኤ.አ. በ1974 የአሜሪካ ሐኪሞች ፀሐይን በመብራት ተክተው ሶርያሲስ የተባለውን የቆዳ በሽታ ያከሙበት ይህ ዘዴ «ፑቫ» ተብሎ ሲታወቅ፣ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ለላሽም ዋለ፤ ላሽ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት የፀጉርን ሥር እንደ ባዕድ ቆጥረው ሲያጠቁ ራስን በክብ በክብ የሚያራቁት በሽታ ነውና፣ እነዚህን ሕዋሳት የሚያዳክም ሕክምና ለእርሱም ይጠቅማል የሚለው ግምት መሠረት ነበረው። ታማሚው መድኃኒቱን ውጦ ጥቂት ከቆየ በኋላ ጨረሩ ይበራለታል፤ ከዚያም ዓይኑ እንዳይጎዳ ቀኑን ሙሉ ጥቁር መነጽር ያደርጋል። ፀጉራቸው የበቀለላቸው አልጠፉም፤ ሆኖም ሕክምናው ሲቆም ብዙዎቹ መልሶ ረገፈባቸው፣ ጨረሩ ሲደጋገምም የቆዳ ካንሰር ያሰጋ ስለነበር ዘዴው ቀስ በቀስ ወደ ዳር ተገፋ።

የሌዘር ቆቦቹ ቀይ ብርሃን ግን ታሪኩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በቡዳፔስት ኤንድሬ ሜስተር የሩቢ ሌዘርን በተላጩ አይጦች ላይ ሲሞክር፣ ብርሃኑ ያረፈባቸው ፀጉራቸው ቶሎ መብቀሉን አስተዋለ፤ ከአርባ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በዘር ለሚመጣው የወንዶች ራሰ በራነት የታሰበ የሌዘር ማበጠሪያ ለገበያ እንዲውል ፈቀደ። ዛሬ ከዚህ ብርሃን ጋር የሚሸጡት የዕፅ ቅባቶች የአትሪላል ወራሾች መስለው ቢቀርቡም፣ በአትሪላል ዕፁ ያለ ጨረሩ ከንቱ ሲሆን፣ ቅባቱና ቀዩ ብርሃን ግን ጎን ለጎን የቆሙ እንጂ የተጋቡ አይደሉም። ቅባቶቹ ሁሉ ዋጋ ቢስ ናቸው ማለት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ የኢራን ጥናት የሮዝመሪ፣ ማለትም የጥብስ ቅጠል፣ ዘይት በስድስት ወር ውስጥ ከ2 በመቶ ሚኖክሲዲል ጋር ተቀራራቢ ውጤት አሳይቷል፤ በዚያ ጥናት ግን ብርሃን የሚባል ነገር አልነበረም።