ኤስ.ፒ.አይን ማን ገደለው?

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1982 ኤስ.ፒ.አይ የተባለው የኒውዮርክ ጨዋታ አሳታሚ በአበዳሪው እጅ ወደቀ። ከአርባ ዓመት በላይ አልፎታል፤ የጦርነት ሰሌዳ ጨዋታ ወዳጆች ግን በገዳዩ ማንነት እስካሁን አልተስማሙም።

ሙያውን በንግድ መልክ የጀመረው የባልቲሞሩ ቻርልስ ሮበርትስ ነው። በ1950ዎቹ «ታክቲክስ» የተሰኘ ጨዋታ በግሉ አሳትሞ 2,000 ያህል ቅጂ ሸጠ፤ በ1958 አቫሎን ሂልን አቋቋመ። ዕዳ ሲበዛበት ድርጅቱ በማተሚያ ቤቱ እጅ ገባ። ማስጠንቀቂያ ነበር፤ የሰማው ግን የለም።

ከዚያ የኤስ.ፒ.አይ መሥራች ጂም ደኒጋን መጣ። በ1969 «ስትራቴጂ ኤንድ ታክቲክስ» የተባለችውን መጽሔት በ1 ዶላር ገዛት ይባላል። ሐሳቡ ግን ብዙ ዶላር የሚያወጣ ነበር፤ በየእትሙ ውስጥ አንድ ሙሉ ጨዋታ፣ ካርታው፣ የካርቶን ጠጠሮቹና ደንቡ ሳይቀር ይገባል። አንባቢውም ሒሳቡን አስቀድሞ ይልካል። በዚህ ሥራ ገንዘብ የሚበላው ገና አንድ ቅጂ ሳይሸጥ ነው፦ ጥናቱ፣ ንድፉ፣ የካርታው ሥዕል፣ ጠጠሮቹን የሚቆርጠው ቅርጽ። 1,000 ቢታተም 10,000 ያ ወጪ ያው ነው። ደኒጋን መጋዘን ሞልቶ ገዢ ከመጠበቅ ይልቅ ገዢውን ቆጥሮ ማተምን መረጠ። ቀጥሎ የትኛው ጦርነት እንዲሠራ እንደሚፈልጉም በመጠይቅ ይጠይቃቸው ነበር።

ድፍረቱም ልክ አልነበረውም። በ1979 የወጣው የሰሜን አፍሪካ ዘመቻ ጨዋታ 1,500 ሰዓት ይፈጃል ይባልለታል፤ የጣሊያን ወታደሮች ፓስታ መቀቀያ ውሃ እንኳ በደንቡ ተደንግጎላቸዋል። (ለዚህ የሚሆን ጊዜ ያለው ሰው ስንት ነው?)

ደኒጋን በ1980 ኤስ.ፒ.አይን ለቀቀ። ወረቀትና ፖስታ ሲወደድ ድርጅቱ ዋጋውን በጊዜው አላስተካከለም፤ ከባለሀብቶች የወሰደው ገንዘብም መመለሻው ደረሰ። በዚህ መሃል የ«ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» አሳታሚ ቲ.ኤስ.አር ንብረቱን በመያዣ ይዞ 425,000 ዶላር አበደረው። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ገንዘቤን አለ።

ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወገን ብድሩ ከመጀመሪያው ወጥመድ ነበር ይላል። ሌላው ደግሞ ቲ.ኤስ.አር የደረሰው ሊሞት በተቃረበ ቤት ላይ ነው ባይ ነው። የኋለኛው ሚዛን ይደፋል፤ አስቀድሞ የተከፈለ ሒሳብ ገቢ ይምሰል እንጂ ዕዳ ነው፤ ኤስ.ፒ.አይ ደግሞ የዕድሜ ልክ ምዝገባ ጭምር ሸጧል። የቲ.ኤስ.አር ጥፋት ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፦ ንብረቱን ወስጄ ለደንበኞቹ ግን ኃላፊነት የለብኝም አለ። ጨዋታውን የሚገዙት እነዚያው ሰዎች እንደነበሩ ማን ይንገረው? ከንድፍ ባለሙያዎቹ ብዙዎቹም ወጥተው በአቫሎን ሂል ሥር ቪክቶሪ ጌምስን መሠረቱ።

ዛሬ የካሊፎርኒያው ጨዋታ አሳታሚ ጂ.ኤም.ቲ «ፒ-500» በሚለው አሠራሩ ለአዲስ ጨዋታ ቢያንስ 500 ያህል ትእዛዝ ይጠብቃል። የደንበኛው ካርድ የሚቆረጠው ግን ጨዋታው ሊላክ ሲቃረብ ነው።