የተሳላሚ ከረጢትና የለዋጩ ገበታ

ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጣ ተሳላሚ ከየትኛውም አገር ቢነሣ፥ ከቅዱሳን መካናት አስቀድሞ የሚገጥመው የገንዘብ ለዋጭ ነው። ይህም የዛሬ ነገር አይደለም። የግሪክ ጎረቤቶቻችን ባንክን «ትራፔዛ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም ገበታ ማለት ነው። «ባንክ» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከኢጣልያንኛው «ባንኮ»፥ ማለት ከለዋጩ አግዳሚ ነው።

በሁለተኛው ቤተ መቅደስ ዘመን ዕድሜው 20 ዓመት የሞላው የእስራኤል ወንድ ሁሉ በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 30 መሠረት በየዓመቱ የሰቅል እኩሌታ ያገባ ነበር። የሚያገባውም በጢሮስ ብር ነው። የጢሮስ ሰቅል በአንድ ፊቱ መልቃርት የተባለው ጣዖት፥ በሌላው ፊቱ ንስር ተቀርጾበት ሳለ ወደ መቅደስ መግባቱ ያስደንቃል፤ ምክንያቱ ግን ብሩ የጠራ፥ ሚዛኑም የታመነ መሆኑ ነው። ከዚህም የተነሣ ከሩቅ የመጣ ሰው የአገሩን ገንዘብ መለወጥ ግድ ሆነበት።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ200 ዓ.ም. ገደማ የተሰበሰበው ሚሽና እንደሚነግረን፥ ለዋጮቹ አዳር በተባለው ወር በ15ኛው ቀን ከመቅደሱ ውጭ፥ በ25ኛው ቀን በመቅደሱ ውስጥ ገበታቸውን ይዘረጉ ነበር። የመለወጫው ዋጋ «ቆልቦን» ይባላል። በመጠኑ ሊቃውንቱ አልተስማሙም፤ ረቢ ሜኢር ከሰቅሉ እኩሌታ ከ12 እጅ አንዱ ነው ሲል፥ ሌሎቹ ከ24 እጅ አንዱ ነው አሉ። ካህናት፥ ሴቶችና ሕፃናት አይከፍሉትም። ሙሉ ሰቅል ሰጥቶ መልስ የተቀበለ ግን ሁለት ቆልቦን ይከፍላል፤ አንዱን ስለ ሰጠው፥ ሁለተኛውን ስለ ተቀበለው። ይህችን ሕግ አንባቢ በልቡ ይያዝልን። (ቅዱስ ጴጥሮስ ከዓሣው አፍ ያገኘው እስታቴር ለሁለት ሰው ልክ ስለ ነበረ መልስ አላስፈለገውም።)

የመቅደሱ ለዋጭ ዋጋው ቢከብድም የታወቀ ነበር። ኋላ ግን ዋጋው ተሸሸገ። በ1119 ዓ.ም. ገደማ በዚሁ ከተማ የተቋቋሙት የመቅደስ ፈረሰኞች በአንዱ ቤታቸው የተቀበሉትን ገንዘብ በሌላው ቤታቸው ይከፍሉ ስለ ነበር፥ መንገደኛው ወርቅ ሳይሸከም መሄድ ቻለ። የኢጣልያ ነጋዴዎችም በሐዋላ ደብዳቤ ይህንኑ አስፋፉት። ቤተ ክርስቲያን አራጣን ስለ ከለከለች ግን ትርፋቸውን በምንዛሪው ውስጥ ከተቱት።

ያገራችን ተሳላሚዎች ሸክም ሌላ ነበር። እነርሱ ይዘውት የሚወጡት ጠገራ ብር ነው፤ ይኸውም እመቤቲቱ ከሞተች በኋላ እንኳ በየዘመኑ ሲመታ 1780 የሚል ዓመት ብቻ የተጻፈበት የማርያ ቴሬዛ ብር ነው። አንዱ 28 ግራም ስለሚመዝን 500 ብር የያዘ ሰው 14 ኪሎ ይሸከማል። ነጋዴው በእመቤቲቱ ራስ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች መርምሮ፥ የተፋቀውን ይመልስ ነበር። በቀይ ባሕር ዳርቻ ጠገራው ይታመናል፤ በቱርክ ዘመን ኢየሩሳሌም ግን ሒሳብ በግርሽ ነበርና እንደ ገና ወደ ገበታው መቅረብ ነበረበት።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1945 የወጣው የኢትዮጵያ የወረቀት ገንዘብ ሸክሙን አቀለለ፤ ነገር ግን ጠገራው በብርነቱ በባዕድ አገር ሲመዘን፥ ወረቀቱ ከወሰን ወዲያ በራሱ ሚዛን የለውም። በሐምሌ 2016 (እንደ አውሮፓ 2024) የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲተው፥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ለስለት ለዓመታት ያጠራቀመ ሰው ያን ጊዜ ምን እንደ ተሰማው ለመናገር ያስቸግራል።

ዛሬ ደግሞ ገበታው በግድግዳ ውስጥ ገብቷል። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የመጣ ተሳላሚ ካርዱን በኤቲኤም ሲከት፥ መኪናው «ሒሳቡ በሰቅል ይሁን ወይስ በአገርህ ገንዘብ?» ብሎ ይጠይቀዋል። የአገሩን ገንዘብ የመረጠ እንደ ሆነ ምንዛሪውን የሚቈርጠው የመኪናው ባለቤት ነው፤ ያም አብዛኛውን ጊዜ የከፋው ነው። በዚያ ላይ ለማውጫው የሚከፈለው ዋጋ አይቀርም። እንግዲህ የሁለቱ ቆልቦን ሕግ እነሆ። ሰቅል ብሎ የመለሰ ግን ምንዛሪው በካርዱ በኩል ይቈረጥለታል። ዋጋው በየማውጫው ስለሚታሰብም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከማውጣት በአንድ ጊዜ ማውጣት ይሻላል።

በአሮጌው ከተማ ሱቅ ለሚለውጥም፥ «ዋጋ አንወስድም» የሚለው ጽሑፍ አያስተው፤ በሰሌዳው ላይ በመግዣውና በመሸጫው ቍጥር መካከል ያለው ልዩነት እርሱ ዋጋው ነው። በመጨረሻም፥ ለዋጮች የወረቀቱን ትርፍ መልሰው ይገዛሉ፥ ሳንቲሙን ግን በአብዛኛው አይቀበሉም፤ ስለዚህ ሳንቲሙ ከመንገድ በፊት ለጧፍና ለምጽዋት ይውላል።