የሞተር ማንኳኳት፦ ከማፈን ወደ ማዳመጥ

በቤንዚን ሞተር ውስጥ ከካንዴላው የተነሣው እሳት ሳይደርስበት፣ የቀረው የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ከግፊትና ከሙቀት ብዛት የተነሣ በራሱ ሲቀጣጠል የሚሰማው ድምፅ ማንኳኳት ይባላል። ቸል ከተባለ ፒስተን እስከ መብሳት ይደርሳል።

እ.ኤ.አ. በ1921 የጄኔራል ሞተርስ መሐንዲስ ቶማስ ሚጅሊ ጥቂት የእርሳስ ውሕድ በቤንዚን ላይ ሲጨመር ማንኳኳቱ እንደሚቆም አገኘ። ድምፁ ጠፋ፤ መርዙ ግን በአየሩ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1924 በኒው ጀርሲ ውሕዱ ይዘጋጅበት በነበረ የነዳጅ ማጣሪያ አምስት ሠራተኞች ሞቱ። እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን ከዓለም ገበያ ጨርሶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

ሁለተኛው መንገድ ማዳመጥ ነበር። እ.ኤ.አ. የ1978 ቢዊክ ቱርቦ ሞተር የማንኳኳት ሴንሰር ተገጠመለት። በዚህ መሣሪያ ውስጥ ያለው ክሪስታል የብሎኩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጣል፤ መቆጣጠሪያውም ምልክቱን ተቀብሎ የካንዴላውን እሳት ያዘገያል።

ስለዚህ ሴንሰሩን የሚለውጥ መካኒክ መቀመጫውን ከዝገትና ከቆሻሻ ሊያጸዳ፣ ብሎኑንም አምራቹ በወሰነው ልክ ሊያጠብቅ ይገባዋል፤ ቢላላም፣ ከልክ በላይ ቢጠብቅም ምልክቱ ይዛባል። የማስጠንቀቂያ መብራቱን ለማጥፋት ብቻ በሴንሰሩ ፈንታ ሐሰተኛ ምልክት ማገናኘት ግን የቀድሞውን ስሕተት መድገም ነው፤ ሞተሩ እየተጎዳ ድምፁ ብቻ ይታፈናልና።