በአሜሪካ በትርፍ ጊዜ ታክስ መሥራት፦ የትኛው ሶፍትዌር ይመረጣል? ሶፍትዌሩስ የማይጠይቀው ምንድን ነው?

የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት እንደገባ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ባሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶችና መደብሮች መስታወት ላይ "ታክስ እንሠራለን" የሚሉ ወረቀቶች መታየት ይጀምራሉ።

ከማስታወቂያዎቹ ጀርባ ያሉት ሁሉ የሙሉ ጊዜ የሒሳብ ባለሙያዎች አይደሉም። ቀን በሆስፒታል፣ በፓርኪንግ ወይም በባንክ ሲሠሩ ውለው ማታ ላፕቶፓቸውን የሚከፍቱ፣ ከዘመድና ከጓደኛ ጀምረው ቀስ በቀስ ደንበኛ ያፈሩም አሉ። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚያነሳው ጥያቄ "በየትኛው ሶፍትዌር ልሥራ?" የሚል ነው።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ አዘጋጁ ፊት የሚቀመጠው ደንበኛ ኑሮው በሁለት አገር የተከፈለ ሊሆን ይችላል። ራሱ ቨርጂኒያ፣ እናቱ ወይም ባለቤቱ ኻርቱም፣ ሐበሾች በብዛት ከኖሩበት ከዴም አጠገብ በሚገኘው፣ በግንባታ ዕቃ ገበያው በሚታወቀው ሳጃና ሰፈር ሊኖሩ ይችላሉ። ለአሜሪካዊ ቤተሰብ የተሠራ ፕሮግራም ይህን ኑሮ ራሱ ጠይቆ አያውጣጣም።

ከሶፍትዌሩ በፊት የሚቀድሙ ሁለት ቁጥሮች

የአሜሪካ የገቢዎች መሥሪያ ቤት፣ አይአርኤስ፣ ክፍያ ተቀብሎ የሌላ ሰው የግብር መግለጫ የሚያዘጋጅ ሁሉ 'ፒቲን' የሚባል የአዘጋጅ መለያ ቁጥር እንዲኖረው ያስገድዳል። ቁጥሩ በየዓመቱ የሚታደስ ሲሆን ክፍያው ከ20 ዶላር በታች ነው።

በፌዴራል ደረጃ ፈተና የለም። አይአርኤስ አዘጋጆችን ለመፈተንና ፈቃድ ለመስጠት ጀምሮት የነበረውን አሠራር ፍርድ ቤት በ2013 አግዶታል፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2014 ውሳኔውን አጽንቶታል። ግዛቶች ግን የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ሜሪላንድ አዘጋጁ ተፈትኖ እንዲመዘገብ ትጠይቃለች። ካሊፎርኒያ የ60 ሰዓት ትምህርትና የ5,000 ዶላር ዋስትና ትፈልጋለች። ከወንዙ ማዶ ያለችው ቨርጂኒያ እንዲህ ያለ ፈቃድ አትጠይቅም።

ሁለተኛው 'ኢፊን' ሲሆን መግለጫዎችን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለመላክ የሚያስችል ቁጥር ነው። በዓመት 11 ወይም ከዚያ በላይ የግለሰብ መግለጫ አዘጋጅቶ ለማስገባት የሚጠብቅ ሰው በኤሌክትሮኒክ መንገድ የመላክ ግዴታ አለበት። ማመልከቻው የጣት አሻራና የጀርባ ታሪክ ምርመራን የሚጨምር ሲሆን እስከ 45 ቀን ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ በጥር መጨረሻ ሥራ ለመጀመር ያሰበ ሰው በመከር ወራት ማመልከት ይኖርበታል። ለባለሙያ የሚሸጡ ሶፍትዌሮችም ያለዚህ ቁጥር የመላኪያውን ክፍል አይከፍቱም።

በ1986 ኤሌክትሮኒክ መላክ በሙከራ ሲጀመር የተሳተፉት በሲንሲናቲ፣ በራሌይ-ደርሃምና በፊኒክስ የነበሩ አምስት አዘጋጆች ብቻ ነበሩ፤ በዚያ ዓመት የተላኩት መግለጫዎችም 25,000 ያህል ናቸው። ዛሬ በወረቀት የሚያስገባው ነው ጥቂት።

ርካሹ መንገድ ለምን አይሠራም?

አንዳንድ ጀማሪዎች ለግለሰብ ተጠቃሚ የተዘጋጀውን እንደ ተርቦታክስ ያለ ፕሮግራም ገዝተው የደንበኞቻቸውን መግለጫ በእሱ ይሠራሉ። ይህ ዋጋው ርካሽ ቢሆንም ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ፣ እንዲህ ያለው ፕሮግራም በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚልከው እስከ አምስት መግለጫ ብቻ ነው። ሁለተኛና ዋናው፣ መግለጫው "ግብር ከፋዩ ራሱ አዘጋጀው" ተብሎ ይወጣል። ገንዘብ ተቀብሎ ስሙንና ቁጥሩን የማያኖር አዘጋጅ ደግሞ አይአርኤስ በየዓመቱ ሕዝቡን ከሚያስጠነቅቅባቸው ስውር አዘጋጆች አንዱ ነው።

የዋጋ ነገር

በገበያው ከሚታወቁት የባለሙያ ሶፍትዌሮች መካከል በ1977 በሰሜን ካሮላይና የተመሠረተው ድሬክ፣ የኢንቱይት ኩባንያ ምርቶች የሆኑት ፕሮሲሪስና ላሰርት፣ የቶምሰን ሮይተርስ አልትራታክስ፣ የወልተርስ ክሉወር ኤቲኤክስ እና ታክስስሌየር ፕሮ ይገኙባቸዋል። ላሰርትና አልትራታክስ ውስብስብ ሥራ ላላቸው ቢሮዎች የሚስማሙ ናቸው። ማታ ማታ ደመወዝተኞችንና የኡበር ሾፌሮችን ለሚያስተናግድ ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ናቸው።

አሻሻጣቸው በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በአንድ ዋጋ የፈለጉትን ያህል መሥራት የሚያስችል ሲሆን ሌላው በመግለጫ ብዛት የሚያስከፍል ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ያልተገደበው 1,500 ዶላር ነው እንበል። ሌላው ለመጀመሪያዎቹ 10 መግለጫዎች 300 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ 30 ዶላር ቢያስከፍል ሁለቱ እኩል የሚሆኑት በ50ኛው መግለጫ ላይ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 50 ደንበኛ የሚያገኝ የትርፍ ጊዜ አዘጋጅ ብዙ አይደለም።

ዋጋ ሲነጻጸር የሚዘነጋው የግዛቶች ጉዳይ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ የሚሠራ አዘጋጅ የሜሪላንድን፣ የቨርጂኒያንና የዲሲን ቅጾች ይፈልጋል። አንዳንዱ ሶፍትዌር ሁሉንም ግዛቶች በአንድ ዋጋ ያካትታል፤ ሌላው ለእያንዳንዱ ግዛት ለብቻው ያስከፍላል። በሦስቱ መካከል ባለው ስምምነት መሠረት አሌክሳንድሪያ እየኖረ ሲልቨር ስፕሪንግ በደመወዝ የሚሠራ ሰው የደመወዝ ግብሩን የሚከፍለው ለመኖሪያ ግዛቱ ነው። አሠሪው በስህተት ለሜሪላንድ ቆርጦ ከሆነ ግን ገንዘቡን ለማስመለስ የሁለቱም ግዛት ቅጽ ያስፈልጋል።

"ነጻ" የሚባለው

ሶፍትዌሩን በነጻ እንሰጣለን የሚሉ አገናኝ ድርጅቶችም አሉ። በምላሹ ከአዘጋጁ ክፍያ ድርሻ ይወስዳሉ፤ አለበለዚያም በደንበኛው ላይ "የቴክኖሎጂ ክፍያ" ይጨምራሉ። ደንበኛው ከኪሱ ስለማያወጣ አያስተውለውም፤ ክፍያው በባንክ በኩል ከተመላሹ ላይ ተቆርጦ የቀረው ይደርሰዋል።

ከድርጅቶቹ አንዱ "በእኛ ኢፊን ሥራ" ቢል ግን ነገሩ የዋጋ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። ቁጥሩ ለሌላ የማይተላለፍና የማይሸጥ ነው።

ሦስት የአባት ስም በአንድ ቤት

የግብር ሶፍትዌር የሐበሻን ስም አያውቅም። ባል "አበበ ከበደ"፣ ሚስት "ትርሲት ማሞ"፣ ልጅ "ሳራ አበበ" ቢባሉ በአሜሪካ አቆጣጠር በአንድ ቤት ሦስት የቤተሰብ ስም አለ ማለት ነው። ብዙ ፕሮግራሞች የልጅ ስም ሲመዘገብ የግብር ከፋዩን የመጨረሻ ስም ራሳቸው ይሞላሉ። ሳራም "ሳራ ከበደ" ትሆናለች። አይአርኤስ የመጨረሻውን ስም የመጀመሪያ አራት ፊደላት ከሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩ ጋር ስለሚያስተያይ መግለጫው ተመልሶ ይመጣል።

በሱዳን በኩል ለመጡት ችግሩ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ስም ከአማርኛ ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር አንድ ፊደል መለወጡ የተለመደ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከፓስፖርት ወይም ከቃል ሳይሆን ከሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ መገልበጥ። ካርዱን በቴሌግራም ፎቶ አንስቶ መላክ ግን ሌላ አደጋ አለው። የደንበኛን የግብር መረጃ ያለፈቃዱ አሳልፎ መስጠት እስከ አንድ ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። አዘጋጁም፣ አንድ ላፕቶፕ ብቻ ያለው ቢሆን እንኳ፣ የጽሑፍ የመረጃ ደኅንነት ዕቅድ እንዲኖረው ሕጉ ይጠይቃል።

ሳጃና ያለችው ባለቤት

ከሁሉ የከበደው ስህተት የሚፈጸመው በመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። ሶፍትዌሩ የጋብቻ ሁኔታን ሲጠይቅ ምርጫዎቹን ይደረድራል። ብቻውን የሚኖር፣ ባለቤቱ ኻርቱም የቀረችበት ሰው "እዚህ ብቻዬን ነኝ" ይላል፤ አዘጋጁም "ያላገባ" የሚለውን ይጫናል። ፕሮግራሙ ቅር ሳይለው ሒሳቡን ሠርቶ ይጨርሳል።

በሕጉ ግን እስከ ዓመቱ የመጨረሻ ቀን ጋብቻው የጸና ሰው፣ ባለቤቱ ባሕር ማዶ ብትሆንም፣ ያገባ ነው። ብዙውን ጊዜ ያለው ምርጫ "ያገባ፣ ለየብቻ የሚያስገባ" የሚለው ነው፤ አለበለዚያም ባለቤቱን እንደ አሜሪካ ነዋሪ ለማስቆጠር ሁለቱም ፈርመው በጋራ ያስገባሉ። በዚህ ጊዜ የእሷም ገቢ፣ የትም ይገኝ የት፣ በመግለጫው ይካተታል። ሶሻል ሴኩሪቲ ስለሌላትም ቅጽ ደብሊው-7 ተሞልቶ የግብር መለያ ቁጥር ይጠየቅላታል። ለዚህም ዋናው ፓስፖርት ወይም ፓስፖርቱን የሰጠው አካል ያረጋገጠው ቅጂ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው መግለጫ የሚገባው በወረቀት ነው፤ ስለዚህ ሶፍትዌሩ ይህ ቅጽ እንዳለው ከግዢ በፊት ማየት ይበጃል። ከሚያዝያ 2023 ጦርነት በኋላ ኻርቱምን ለቀው ወደ መተማ፣ ወደ ገዳሪፍ ወይም ወደ ካይሮ ለተበተኑ ቤተሰቦች ፓስፖርቱን ማግኘቱ ራሱ ቀላል አይደለም።

በዚህ ምክንያት "ያላገባ" ብሎ ማለፍ የሚያጓጓ አቋራጭ ይሆናል። አደጋው የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። ባል ሚስቱን ለማምጣት ሲያመለክት የገንዘብ ድጋፍ ቃሉን በሚሰጥበት ቅጽ አይ-864 ላይ የቅርብ ጊዜ የግብር መግለጫውን ያያይዛል። የጋብቻ ወረቀቱ አገባ ይላል፣ የግብር መግለጫው አላገባም ይላል። ስህተቱ በቅጽ 1040-ኤክስ ሊታረም ይችላል፤ ተጨማሪ ግብርና ወለድ ካለው ይከፈላል። የቤተሰቡ ጥበቃ ግን በዚያው ልክ ሊረዝም ይችላል።

እናትን በሚመለከትም ተመሳሳይ ነው። ልጅ በየወሩ ወደ ሳጃና ገንዘብ ሲልክ ኖሮ "እናቴን የማስተዳድራት እኔ ነኝ" ቢል እውነቱን ነው። በግብር ሕጉ ግን የአሜሪካ ዜጋ ያልሆነች እናት በጥገኝነት የምትመዘገበው የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ነዋሪ ከሆነች ብቻ ነው። የሚላከው ገንዘብም ከገቢ ላይ አይቀነስም። ይህን ለደንበኛ መናገር የሚከብድ ነገር ነው፤ በተለይ ሌላ ቤት "ሠርተውልኛል" ለሚል ሰው።

የልጆችን ክሬዲትና ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሠራተኞች የሚሰጠውን ድጎማ ለሚጠይቅ መግለጫ አዘጋጁ ቅጽ 8867 ይሞላል። ቅጹ ደንበኛው በቂ ጥያቄ ተጠይቆ እንደሆነና ማስረጃው መያዙን የሚያረጋግጥ ነው። ሳጥኖቹን ሳይጠይቁ ምልክት አድርጎ ማለፍ ለእያንዳንዱ ጉድለት ከ600 ዶላር በላይ ያስቀጣል፤ ቅጣቱም የአዘጋጁ እንጂ የሶፍትዌሩ ኩባንያ አይደለም። ማስረጃዎቹ ለሦስት ዓመት መቀመጥ አለባቸው።

ሳይገዙ መሞከር

ከሶፍትዌር ኩባንያዎቹ በርከት ያሉት የሙከራ ቅጂ ይሰጣሉ። የራስን ያለፈ ዓመት መግለጫ እንደገና አስገብቶ ውጤቱን ማስተያየት አንድ ማታ የሚወስድ ሥራ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ሦስት የቤተሰብ ስም ያለው ቤተሰብ፣ በሁለት ግዛት የሚሠራ ደመወዝተኛ፣ ኪሎ ሜትሩን በማይል የሚቆጥር ሾፌር እና ባለቤቱ ሳጃና ያለች ሰው ይሞከሩበታል። በሥራ ሰዓት ብቻ ስልክ የሚያነሳ የድጋፍ ክፍል ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ለሚሠራ ሰው እንደማይጠቅም የሚታወቀውም በዚህ ጊዜ ነው።

ልምድ የሌለው ሰው ደግሞ አንድ ክረምት 'ቪታ' በተባለው፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች ግብር በነጻ በሚሠራው የበጎ ፈቃድ ፕሮግራም ማገልገል ይችላል። ፕሮግራሙ ሥልጠናውን ያለክፍያ ይሰጣል፤ የሚጠቀመውም የታክስስሌየርን ሶፍትዌር ነው። እዚያ የተዘጋጀ መግለጫ ሁሉ ከመላኩ በፊት በሌላ ሰው ይታያል። ቤቱ ሆኖ ለብቻው የሚሠራ አዘጋጅ ይህ ሁለተኛ ዓይን የለውም።