የቦንግ ልጅ

«የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ገጣሚንም አይምርም። አሜሪካዊቷ ባለቅኔ ኤሚሊ ዲክንሰን በ1830 ስትወለድ አባቷ ኤድዋርድ ጠበቃ ነበሩ፤ የቤተሰቡ ደብዳቤ ዛሬም ተጠብቆ ይነበባል። በዚያው አሥርት ዓመት መገባደጃ ላይ እንደተወለደ የሚገመተው የኑዌሩ ነቢይና መዝሙር ደራሲ ንጉንዴንግ ቦንግ ግን የትውልድ ሐረጉ ያለው በወረቀት ላይ ሳይሆን በአዛውንቶች አፍ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ንጉንዴንግ ስሙ የገነነው በዛሬዪቱ ደቡብ ሱዳን፣ በሎው ኑዌር ዘንድ ነው። ኑዌሮችን ያጠናው እንግሊዛዊ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እንደጻፈው ግን ሰውየው የጋሊያክ ጎሳ ተወላጅ ነው፤ ወደ ሎው የተሻገረውም ከሌላው የኑዌር ክፍል፣ ከምሥራቅ ጂካኝ ነው። ምሥራቅ ጂካኝ ዛሬ በኢትዮጵያና በደቡብ ሱዳን ድንበር ግራና ቀኝ ይኖራሉ፤ በጋምቤላ በኩል ላሬና ጂካዎ አገራቸው ነው።

የሚያከራክረው ልደቱ ነው። እናቱ ኛዬል የመውለጃ ዕድሜዋ ካለፈ በኋላ ፀነሰችው የሚሉ አሉ፤ ለእነሱ ልጁ ዴንግ የተባለው መለኮት ስጦታ ነው። ሌሎች ደግሞ አባቱን ቦንግ ቻንን ያስቀድማሉ። ቦንግ በኑዌርኛ ክዋር ሙን የሚባል፣ የነብር ቆዳ የሚደርብ የምድር ባለ አደራ ነበር። ነፍስ ያጠፋ ሰው ሮጦ የሚጠጋው እንዲህ ካለው ሰው ቤት ነው። ባለ አደራው የገዳዩን ክንድ በጦር ጭሮ ደም እስኪያፈስለት ድረስ ሰውየው እህል ውኃ አይቀምስም። ከዚያ ባለ አደራው በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል ይመላለሳል፤ 40 ገደማ ከብት የደም ካሣ ተከፍሎ ዕርቅ ይወርዳል።

የእናቲቱ ታሪክ ጆሮ ይስባል፤ በልጁ ሥራ ላይ የሚታየው ግን የአባቱ ቤት ነው። በ1878 ፓዲንግ በተባለ ስፍራ ጎረቤቶቹን ዲንካዎችን ድል ባደረገው ውጊያ ዝናው ናኘ። ከዚያ በኋላ ግን ኑዌር እርስ በርሱ እንዳይዋጋ፣ ዲንካንም እንዳይዘርፍ ሲከለክል ኖረ። ሱዳንን ያስተዳድሩ የነበሩት እንግሊዞች አመፀኛ ጠንቋይ ብለው በ1902 በሜጀር ብሉዊት የሚመራ ጦር ላኩበት፤ መንደሩ ተቃጠለ። እሱ ግን ገለል አለ እንጂ ጦር አልገጠመም። 

የቀረው ባጭሩ ይህ ነው። ንጉንዴንግ በ1906 አረፈ። ዌች ዴንግ በተባለው ስፍራ ያስቆለለውን ታላቅ የአፈር ጉብታ እንግሊዞች በ1928 በፈንጂ አፈረሱት። ልጁ ጉዌክ በማግስቱ ዓመት እዚያው ተገደለ። የነቢዩ ዘንግ ተወስዶ ባሕር ተሻገረ፤ በ2009 የታሪክ ተመራማሪው ዳግላስ ጆንሰን ወደ ጁባ መለሰው።

ጆንሰን በ1970ዎቹ ከአዛውንቶች ቃል ሲሰበስብ የነገሩት አብዛኞቹ ዛሬ በሕይወት አይኖሩም። ላሬና ጂካዎ ያላችሁ ወጣቶች፣ እጃችሁ ላይ ስልክ አለ። አያቶቻችሁ የሚያውቁትን መዝሙር ቅዱ፤ ስትቀዱም የቦንግን ቤት መጠየቅ አትርሱ።